በቢሯችሁ ግድግዳ ላይ ስለተሰመረው ቀይ መስመር

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የከተማችን ቢሮ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። ልጆችዎን ከአጠገብዎ አያርቅብዎ፤ ቢርቁም አውሮፕላን በሚያርፍበት አገር ያድርግልዎ። እኔ ከቢሮዎ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጀርባ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጽሕፈት ስለማይቀናኝ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ጊዜ እንደሆነ አሁን ሞልቶኛል።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ከእኛ ከተማ ተነስቶ ልጄ አግብታ እስከኖረችበት ከተማ በግድግዳችሁ ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር እጅግ ያምራል። ከሥሩ «ስድስት ሰዓት ብቻ» ይላል። ጨርቅ ስቆርጥ ስለኖርኩ ቀጥ ያለ መስመር ሳይ ማመን ልማዴ ነው። የልጄን መርዶ በሰማሁ ዕለት ቲኬት ቆራጯን መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ብጠይቃት፣ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ወደ መስመሩ ጠቆመችኝ። እኔም እዚያው ቆሜ ለአማቼ ደወልኩና ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቼ ስምንት ሰዓት ላይ እንደምደርስ ነገርኩት። «ፊቷን ሳላይ አፈር እንዳታለብሷት» አልኩት። «እሺ እማዬ፣ እንጠብቅሻለን» አለኝ።

ቅሬታ ለማለት ባልደፍርም፣ ሁለት ነገር ላስታውስዎ፦

፩. መስመራችሁ አይዋሽም። ልክ በስምንት ሰዓት በልጄ ከተማ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የከተማዋን ስም ከስክሪኑ አነበቡልኝ፤ ቁልቁል ሳይም ልጄ በፎቶ ትልክልኝ የነበረው ወንዝና ድልድዩ እዚያው ናቸው። አውሮፕላኑ ግን አልወረደም። ከዚያ አልፎ ሌላ አገር እንደሚያርፍ፣ እዚያም ሌላ አውሮፕላን ተጠብቆ ወደ ኋላ እንደሚኬድ አስተናጋጇ በትሕትና አስረዳችኝ። ቲኬቱ ላይ ተጽፏል፤ በማላውቀው ቋንቋ መጻፉ የእኔ ጥፋት ነው። ጭማቂም ሰጥታኛለች።

፪. እኔ በላያቸው ሳልፍ አማቼ አስከሬኑን አስቀምጦ፣ ለቀስተኛውን ይዞ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ መምጣቴን ይጠብቅ ነበር። እስኪመሽ ጠበቁ። እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ አፈሩ ደርቆ ነበር። አማቼ ከዚያ ወዲህ በአክብሮት ያናግረኛል፤ ድሮ ይቀልድብኝ ነበር።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ጀምሬ ተውኩት።

ልመናዬ ትንሽ ናት። መስመሩ ለግድግዳው ድምቀት ስለሆነ ይነሳ አልልም፤ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብቻ ይታጠፍ። ቀይ ክሩና ስፒሉ ከእኔ፣ መሰላሉ ከእናንተ። ነገ ሌላ እናት እዚያ ብትቆም፣ ቁርጧን አውቃ «አትጠብቁኝ» ትበላቸው።

መልስዎ በስድስት ሰዓት እንደማይደርሰኝ አውቄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ከሰማይ በታች፣ ከልጇ በላይ ያለፈች ተሳፋሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ በመስኮት በኩል ያስቀመጠችኝ ያችው ቲኬት ቆራጭ ናት፤ አመስግኑልኝ። በዕለቱ ደመና አልነበረም።