«ቆሟል» የሚለው ቃል

ረቡዕ፣ ኅዳር 18፤ ገንዳ ውሃ

ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ሲስተር ዝናሽን አገኘኋት። በሽንፋ በኩል ባለች ቀበሌ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ሰላምታችን ሳያልቅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በጋዜጣ ያስገቡልን ኔትወርክ እኮ ገና ባለፈው ሳምንት ገባ» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

መስከረም ላይ የጻፍሁት ዜና ነው። ለአንድ የቴሌ ባለሙያ ከዚሁ ሆኜ ደውዬ ስለ ቀበሌው የኔትወርክ ታወር ብጠይቀው «ቆሟል» አለኝ። መተከሉን ነበር የነገረኝ። እኔ «አገልግሎት ጀመረ» ብዬ ጻፍሁ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሄጄ አላየሁም።

የቀበሌው መምህራን ጋዜጣውን ለሰው ሁሉ አነበቡለት። ሙላት የሚባል ገበሬ ሚስቱን ምጥ ሲይዛት፣ እንደ ወትሮው በቃሬዛ ወደ ዋናው መንገድ በማውጣት ፈንታ፣ አምቡላንስ ለመጥራት ታወሩ ሥር ሆኖ ሲደውል ዋለ። እናትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

«እንደ ሰውየው ቆሟል ብለው ቢጽፉት እኮ አይዋሹም ነበር» አለች ዝናሽ። «የተተከለም ቆሟል፣ የማይሠራም ቆሟል።»

ሙላት በእኔ ተቆጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በእርስዎማ አይደለም። ራሱን ነው የሚወቅሰው። ‹ስልኩን አላውቅበት ብዬ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያገኛቸው ነበር› ይላል።»

የሙላትን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። «እውነቱን ይንገሩት እንጂ ጋሼ። አሁን ይሠራል።»

ሁለት ጊዜ ደወልሁ። ሁለቱንም ጊዜ ገና ሳያነሣው እኔው ዘጋሁት።