የሄኖክ ሽጉጥ

ሰኞ

ሽጉጡ ፍራሹ ውስጥ ነበር።

ለለቅሶ ከወሊሶ የመጡት ዘመዶቻችን ጠዋት ሄዱ። እኔና እማዬ ሳሎን መሬት ላይ የተነጠፉትን ፍራሾች ወደየአልጋቸው መመለስ ጀመርን። የወንድሜን የሄኖክን ፍራሽ ሳነሳ አንድ ጠንካራ ነገር ጉልበቴን መታኝ። የፍራሹ ጎን ተተርትሮ በጫማ ማሰሪያ ተሰፍቷል። ፈትቼ እጄን ሰደድኩና አወጣሁት።

እማዬ ስታየው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሄኖክ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ እንደነበረው እናውቃለን። የነጋዴ ዕቃ ይዞ ክፍለ ሀገር ስለሚመላለስ ነው ያወጣው። ግን አሠሪው ጋ እንደሚያስቀምጠው ነበር የነገረን። መኪናው ተገልብጦ የሞተ ቀን ሳይይዘው ሄዷል ማለት ነው።

ለአክስቴ ለእትዬ ሙሉ ደወልኩ። ፖሊስ ናት፣ አብነት ሰፈር ነው ቤቷ። «አፉን ሰው ወደሌለበት አድርገህ አስቀምጠውና ከክፍሉ ውጡ» አለችኝ። ጥይት የሚሞላበት ካርታው ወጥቶ ለብቻው በካልሲ ተጠቅልሎ ስለነበር «ባዶ እኮ ነው» አልኳት። «ማን ነገረህ?» አለችና ዘጋችው።

መጥታ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስትስበው አንድ ጥይት ዘሎ ወጣና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ለቅሶው እስኪበተን ድረስ ሰው እዚያ ፍራሽ ላይ ሲቀመጥና ሲተኛ ነበር። የጎረቤት ሕፃናት ሲዘሉበት እማዬ «ተዉአቸው፣ ይጫወቱ» ትል ነበር።

ማክሰኞ

እትዬ ሙሉ ለጣቢያው አሳወቀች። የሚረከበው ኃላፊ የሚገኘው ዓርብ ነው አሏት። ጥይቶቹን ይዛ ሄደች። ሽጉጡን እኛው ቤት የብረት ሣጥን ውስጥ አድርጋ ቆለፈችበት፤ ቁልፉ እሷ ጋ ነው።

እኔ እንዲሄድ አልፈልግም። ልብሶቹን እማዬ ለየኔ ቢጤዎች ሰጠች። ስልኩ መኪናው ውስጥ ደቀቀ። ሌላ እጁ የነካው ምን ቀረን?

ፈቃዱ በስማችን ይዞር እንደሆነ እትዬ ሙሉን ጠየቅኳት።

«በማን ስም? ባንተ? መጀመሪያ አሥራ አንደኛ ክፍልን እለፍ።»

«በእማዬ።»

«እናትህን ጠይቃት።»

አልጠየቅኳትም።

የለቅሶው ድንኳን አፍስሶ እዚያ ተነጥፎ የነበረው ፍራሽ ርሶ ስለነበር ብረቱ ዝጓል። ነገ እናጸዳዋለን፣ አንተም ትማራለህ አለችኝ እትዬ ሙሉ። ለምን እኔ አልኳት። «ወንድምህን አንድ ሰው አስቀምጦ ቢያስተምረው ኖሮ ፍራሽ ውስጥ አይከተውም ነበር» አለች።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ጋዜጣ አንጥፋ ጠበቀችኝ። አፈሙዙን ወዴት እናዙር የሚለው ራሱ ሥራ ሆነ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ ማዶው ጎረቤት አለ። ሰንጋ ተራ ካለው ግንባታ አሸዋ አስመጥታ ጆንያ ሞልታ ጥግ ላይ አስቀምጣለች። ወደዚያ ብቻ ነው የሚዞረው።

እንዳልረሳው፦

ጥይት ጽዳቱ ያለበት ክፍል አይገባም፣ አንድም።
ካርታውን ማውጣት። ከዚያ ላዩን ስቦ ጥይት የሚገባበትን ማየት፣ በትንሿ ጣት መዳሰስ፣ እንደገና ማየት።
ጣት መተኮሻው ምላጭ አጠገብ አይደርስም።
ለአፍታ አስቀምጬ ባነሳው እንኳ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።
መስኮት ክፍት። ጓንት። ምግብ የለም። ሲያልቅ እጅ በሳሙና።

ከመፈታቱ በፊት ውስጡ ንጹሕ መሆኑን ልይ ብዬ ፊቴን ወደ አፈሙዙ አስጠጋሁ። እጄን ያዘችኝ። «ልትስመው ነው?» አለች። አልሳቀችም። ፈታታችውና ጥይት የሚያልፍበትን በርሜል ለብቻው ሰጠችኝ። የመጥረጊያው ጨርቅ ከኋላ ገብቶ በፊት ይወጣል። መጀመሪያ ጥቁር ወጣ፣ ቀጥሎ ቡናማ። ዝገቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት።

ጨርቅ አለቀብን። እማዬ በሩ ጋ ቆማ ሳትሰጥ ያስቀረችውን የሄኖክን ነጭ ካናቴራ ዘረጋችልኝ። «ሌላ ፈልጊ» አልኳት። ሄዳ የመጋረጃ ቁራጭ አመጣች። ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

የመሣሪያውን ዘይት አፈሰስኩት። «ወጥ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለች እትዬ ሙሉ። ጠብታ ነው የሚበቃው፤ ሲበዛ አቧራ ይይዛል። ሁሉንም መልሼ ጠረግኩ።

ዝገቱ ሲለቅ ደስ አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ በእጄ የተስተካከለ ነገር ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ

ለናቲ ነገርኩት። ለአንድ ሰው መንገር ፈልጌ ነው። ክፍል ውስጥ ጎኔ ነው የሚቀመጠው።

«ጀለሴ፣ አንድ ፎቶ ብቻ። ለማንም አላሳይም።»

«ተቆልፏል።»

«አራዳ መስለኸኝ ነበር።»

ምሳ ሰዓት ሙሉ ስለ ሽጉጡ ሲጠይቀኝ ዋለ። ስለ ሄኖክ አንድ ቃል አላነሳም። ተናደድኩበት። ቆይቶ ግን ትናንት እኔም ብረቱን ስፈትግ ሄኖክን ጭራሽ እንዳላሰብኩት ትዝ አለኝ። ሳስብ የነበረው ዝገቱን ነው።

ቢሆንም ማታ ራት ላይ እማዬን ጠየቅኳት። «በስምሽ ብናዞረውስ? ቆልፈሽበት ይቀመጥ።»

እጇን ከትሪው አነሳች። «ሕፃናቱ ሲዘሉ እየታየኝ ነው የሚነጋው» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «በሠልስቱ ማን የተኛበት መሰለህ? አንተ ነህ። አልቅሰህ አልቅሰህ እንቅልፍ ሲጥልህ ብርድ ልብስ ያለበስኩህ እኔ ነኝ። ጭንቅላትህ በዚያ በተሰፋው በኩል ነበር።»

ይሄን አላውቅም ነበር።

«የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ አቤል» አለች። ሌላ አልጠየቅኳትም። ትሪውን አነሳሁ።

ዓርብ

እትዬ ሙሉ ከትምህርት ቤት አስፈቀደችኝ። ደንብ ልብሷን ለብሳለች። ሣጥኑን ከፍታ «አንተ ፈትሸው» አለችኝ። ወደ አሸዋው አዙሬ አየሁ፣ ዳሰስኩ፣ አየሁ። ከዚያ ተቀበለችኝና እሷም ደግማ አየችው።

ጣቢያ ስንደርስ ኃላፊው ባዶ ነው ብትለውም ራሱ ከፍቶ አየ። አልተቀየመችም። ቁጥሩን ካመሳከረ በኋላ «ማን ነው ያጸዳው?» አለ። በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችው። በጣቱ ነካ አደረገና «ዘይት ይበዛበታል» አለ።

ይዞት ወደ ውስጥ ገባ። በቃ። የሆነ ነገር ሊባል ይገባው የነበረ መስሎኝ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ሙሉ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ አወጣችኝ። «ቆጨህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አሁንም አላውቅም።

እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች፣ እኔ ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ አላለቀስኩም።

ቤት ስገባ እማዬ በቀትር ሶፋው ላይ ተኝታለች። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ስልኳ መጥራት ሲጀምር ድምፁን አጠፋሁት።

በሩን ቀስ ብዬ ገጥሜ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። መርዶውን ሳትሰማ የቀረች እዝነኛ ብትመጣ ተኝታለች፣ ሌላ ቀን ተመለሺ እላታለሁ።