ብልባላ ላይ አንደኛ ገብቼ አምስተኛ የተጻፍኩበት ውጤት እንዲታረም

ቀን፦ ሰኔ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለላስታ ደጋ የሞተር ስፖርት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር አቶ ገብረመስቀል የሻው፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ላሊበላ

አመልካች፦ ባንቺዓለም ሰጠኝ፣ የ11 ቁጥር መኪና አሽከርካሪ

ጉዳዩ፦ የአራተኛው ዙር ነጥብ ታርሞ ለሻምፒዮናው የሚያልፉት ሁለት ተወዳዳሪዎች ዝርዝር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ቀድሞ የገባ ሰው እንዴት መጨረሻ ሊወጣ ይችላል? የውጤት ሰሌዳው በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀኝ የከተማው ሰው የለም። መልሱን እኔም ስለማላውቀው፣ ሰሌዳውን ለፈረሙት ለእርስዎ ጥያቄውን ከነአክብሮቴ አስተላልፋለሁ።

1. በመካኒካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማስረጃዬን ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት ስለሌለ፣ የትኛው ቢሮ የትኛው መደርደሪያ ላይ ፋይል እንደሚያስተኛ ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች የተሻለ አውቃለሁ። የምወዳደርባት ኮሮላ የአጎቴ የአቶ ገለቴ ናት። ሞተሯን በአባቴ ግቢ ውስጥ ብሎን በብሎን ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ሰጠኝ መኪና ነድተው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩበት ጆሮ ግን አላቸውና ከደጅ ሆነው «ልጄ፣ ከአራቱ አንዷ ዜማ ስታለች» ይሉኛል። ካንዴላ ስፈታ እውነትም አንደኛው ሲሊንደር አይተኩስም። ባሕር ዳር በሚደረገው ሻምፒዮና ላይ የትልልቅ ጋራዥ ባለቤቶች መካኒክ ሊመርጡ ስለሚመጡ፣ ይህን ሞተር ለእነርሱ ማሰማት እፈልጋለሁ። አጎቴም ቁርጡን ነግሮኛል፦ «ካለፍሽ እስከ ሻምፒዮናው የአንቺው ናት፤ ካላለፍሽ ግን ቅዳሜ ኤርፖርት መንገደኛ ወደማመላለስ ሥራዋ ትመለሳለች።»

2. በጽሕፈት ቤቱ ደንብ መሠረት በእያንዳንዱ ዙር አንደኛ 10፣ ሁለተኛ 7፣ ሦስተኛ 5፣ አራተኛ 3፣ አምስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል። ጋሸና ላይ አንደኛ፣ ኩልመስክ ላይ አንደኛ፣ ሙጃ ላይ ተወዳዳሪው ጋሻዬ በትክክል ቀድሞኝ ሁለተኛ ወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ሂሳቡ እንደ ሂሳብ ነበር።

3. አራተኛው ዙር ግንቦት 5 ቀን ከላሊበላ ተነስቶ ብልባላ የሚያበቃ ነበር። በዚያው ቀን የብልባላዋ እማሆይ ይማርሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አርፈው ኖሮ የመጨረሻው መስመር ዳኛ አቶ ታፈረ በአቋራጩ ወደ ልቅሶ ቤት ወረዱ። በዚህ አልከሳቸውም። ቀብር ተቀምጦ የሚያሳልፍ ሰው በአገራችን ዳኛ ሊባል አይገባውም፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ችግሩ ባለ ዳማውን ባንዲራ፣ የሰዓት መያዣውንና የውጤት ደብተሩን በጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ መሄዳቸው ነው። እርሳቸው በአቋራጭ ሲወርዱ እኔ በዋናው መንገድ ገባሁ። ተላለፍን።

መስመሩን ሳልፍ የተቀበሉኝ ከመንገዱ ዳር ጨው የሚሸጡት ወይዘሮ ረሒማ ብቻ ናቸው። «ማንን ትፈልጊያለሽ ልጄ? ዳኛው ቀብር ሄደዋል፤ ወላሂ አሁን ነው የሄዱት፤ ባንዲራውንም ይዘውት ነው የሄዱት» አሉኝ። መኪናዬን ከመስመሩ አለፍ አድርጌ አቁሜ ጠበቅሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወይዘሮ ረሒማ «መቼም ሥራ ፈታለች» ብለው የጨው ዘንቢላቸውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ። ደንበኞቻቸውም ከዚያው ገዙ።

4. ከኋላዬ የነበሩት አራት መኪኖች አስከሬኑ ከመንደር ወደ መንገዱ ሲወጣ አገኙት። እንደ ወጉ ሞተር አጥፍተው፣ ወርደው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተከተሉ። ደግ አደረጉ። ቀብሩ ሲያበቃ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር የኔሰው፣ አቶ ታፈረ በእግራቸው ዳገቱን ሲወጡ አየና «ጋሼ፣ ይግቡ» አላቸው። አስተዳደጉ ነው፤ ሽማግሌ መንገድ ላይ ጥሎ አያልፍም። ከቀብር የሚመለስ ሰው ስለማይሽቀዳደም ሌሎቹም በሰልፍ ተከተሏቸው።

ክቡር ሆይ፣ ቀጥሎ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። አቶ ታፈረ ከየኔሰው መኪና መስመሩ አጠገብ ወረዱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ባንዲራውን አወጡ። ከዚያም የወረዱባትን መኪና አንደኛ ብለው አሳለፏት! የየኔሰው ድል የዳኛውን ክብደት ተሸክሞ የተገኘ በመሆኑ በስፖርቱ ታሪክ የተለየ ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

ሌሎቹንም በተራ አሳልፈው እኔን ሲያዩ «አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» አሉኝ። ቀድሜ መግባቴን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ያላየሁትን አልጽፍም። ዞረሽ እንደገና ግቢ» አሉ። ሽማግሌ ያዘዘውን መፈጸም የተማርኩት ከአባቴ ስለሆነ ዞርኩ። አቶ ታፈረም መንገድ እንዲለቀቅልኝ ብለው የወይዘሮ ረሒማን ዘንቢል በገዛ እጃቸው ከኮፈኑ ላይ አወረዱ። ከዚያ አምስተኛ ገባሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን የሠራሁት አንድ ጥፋት መታዘዜ ነው።

5. ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቀጥሎ ስብሰባ ስለሚያጥርበት ሁኔታ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ባለጉዳይን ሳያጉላሉ ስለማስተናገድ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የውጤት ባለሙያው አቶ አለሜ ግን በቅንነት አነጋግረውኛል።

«ውጤቱ ፀድቋል፤ የፀደቀ ነገር አይነካም» አሉኝ።

«ስሕተት ቢኖርበትስ ጋሼ?»

«ስሕተቱም አብሮ ፀድቋል።»

በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ እንዲህ ጥርት ያለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም።

6. ሰሌዳው ላይ «የግምገማና የስብሰባ ተሳትፎ» የሚል አምድ አለ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በነበረው ስብሰባ የተገኘ ሰው 3 ነጥብ ተሰጥቶታል። ጥሪው የሚደርሰው በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሲሆን፣ እኔን ገና የትኛውም አምስት ስላልወሰደኝ አልደረሰኝም። በዚሁ አምድ ጋሸና ላይ ሞተሯ ጭራሽ ያልተነሳው የየኔሰው መኪና ሦስት ነጥብ ስታገኝ አይቻለሁ። ቆሞ ነጥብ የሚያመጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ትምህርት ቤት ስላልነገሩን፣ ጽሕፈት ቤቱ ዕውቀቱን ለትውልድ ቢያካፍል መልካም ነው።

ሆኖም ይህን አምድ እንዲሰርዙ አልጠይቅም። እንዳለ ይቀመጥ። አሁን በሰሌዳው ላይ ጋሻዬ 43፣ የኔሰው 30፣ እኔ 28 ነን፤ ሁለቱ ያልፋሉ፣ እኔ እቀራለሁ። ብልባላ ላይ በገባነው ቅደም ተከተል ቢጻፍ ግን፣ የስብሰባው ነጥብ ሳይነካ፣ ጋሻዬ 41፣ እኔ 37፣ የኔሰው 27 እንሆናለን። እርሳስ ይዘው ለአፍታ ቢደምሩት ያገኙታል።

7. ለየኔሰው ክፉ አላስብም። ሰሌዳው የወጣ ዕለት ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «እህቴ፣ እኔም ሳየው ደነገጥኩ። ለጋሼ ታፈረ ሊፍት ሰጠሁ እንጂ ዋንጫ አልፈለግሁም» ብሎኛል። አባቴም ቁጭ ብለው ሰምተውት ሲያበቁ «በል፣ ይህንኑ ቢሮ ሄደህ ተናገር» አሉት። «መሪጌታ፣ እኔ እኮ የቢሮው ሾፌር ነኝ» ሲል ግን አልገፉበትም።  የእንጀራ ነገር ስለሆነ እኔም አልፈረድኩበትም።

ስለዚህ የብልባላው ውጤት ታርሞ ስሜ ለሻምፒዮናው በሚያልፉት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ በትሕትና እለምናለሁ። ዝርዝሩ ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ዓርብ ሰኔ 15 ቀን መሆኑን አቶ አለሜ ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መልስ ምንም ያህል ያማረ ማኅተም ቢኖረው ኮሮላዋን ከኤርፖርት አይመልሳትም።

ምስክር ለመስማት ጊዜ የለኝም እንዳይሉ ያሰብኩልዎት አለ። የእማሆይ ይማርሽ አርባ ሐሙስ ሰኔ 14 ቀን ብልባላ ላይ ይወጣል፤ ዝርዝሩ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አቶ ታፈረ ይኖራሉ። አራቱም አሽከርካሪዎች ይኖራሉ። ወይዘሮ ረሒማም ከመንገዱ ዳር አይጠፉም። ዘንቢሉ ኮፈኑ ላይ እንዴት እንደተቀመጠና ማን እንዳወረደው ብቻ ይጠይቁ፤ የቀረውን ሰዎቹ ራሳቸው ያወሩልዎታል። የኔሰው ያን ቀን ፊትዎ ቆሞ ለመናገር ቢደፍር በሥራው እንዳይነካ ግን አደራ እላለሁ።

መምጣት አለመምጣትዎን በአንድ መስመር ቢጽፉልኝ መኪና ይዤ መጥቼ ከቢሮዎ እወስድዎታለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በርዎ ላይ እገኛለሁ፤ አባቴ ሰምተዋታል፣ አራቱም ሲሊንደሮች ዜማቸውን ይዘዋል። ብልባላ ስንደርስ ግን ከመስመሩ በፊት እንዳላወርድዎት ይፍቀዱልኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስገባ ያየኝ ኃላፊ ይኑር።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ባንቺዓለም ሰጠኝ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ታፈረ፣ የመጨረሻው መስመር ዳኛ (ሐሙስ ዕለት ባንዲራውን ለሰው አደራ ሰጥተው እንዲመጡ)