በሹክሹክታ የማይጠና ግስ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ኅዳር 1991 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ዘሚካኤል፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። አሥመራ ገብተዋል የሚል አለ፣ ገና መንገድ ላይ ናቸው የሚልም አለ። ፖስታ ቤት ገብቼ መጠየቁንም ፈራሁ። ዘንድሮ የማልፈራው ነገር የለም።

የጣሊያንኛ ፈተናዬ ሰኞ ነው። የሚሲዮኗ መነኩሲት በቃል ይጠይቁኛል፤ ካለፍኩ ጣሊያን ሄጄ ነርስነት እማራለሁ፣ ከወደቅኩ ቤት መቀመጤ ነው። ችግሬን ያውቁታል። 'ፓርላኖ' የሚለውን ግስ እንደ ፊደላችን ፓር፣ ላ፣ ኖ ብዬ እቆራርጥና ሁሉንም እኩል እረግጠዋለሁ። እርስዎም ሲያስተምሩኝ "መቁረጡንስ ቆረጥሽው፤ አሁን አንዱን ምረጪና እሱ ላይ ቁሚ። 'ፓርላኖ'፣ ይናገራሉ ስትዪ ድምፁ የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው" ይሉኝ ነበር። ይህ ደግሞ በዓይን አይጠናም፣ ድምፅ ይፈልጋል።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ፣ ትውልድዎ አሥመራ ነው ብለው ከወሰዱዎት ወዲህ ግን ድምፄን አጥፍቻለሁ። የሁለታችንም ጎረቤት ማሚቱ እናቴን ጠርታ፣ ልጅሽ በዚያ ሰውዬ ቋንቋ ስታወራ ይሰማል ብላታለች። ትግርኛ ሳይሆን ጣሊያንኛ መሆኑን ማን ያስረዳት? እናቴም የፈሩት ይደርሳል እያለች መጽሐፉን ደበቀችብኝ። ጫሞ ዳር ወርጄ የማስታውሰውን ልሞክር አልኩ። አስጋሪዎቹ ቀና ብለው ሲያዩኝ ተመለስኩ።

ትናንት ከሰዓት ባለቤትዎ እትዬ ወለቴ መንገድ ላይ ያዙኝ። ከስተዋል።

"ቤቷ ዝም አለችብኝ" አሉኝ በዚያ የደጋ፣ የገረሴ አማርኛቸው። "ነይ፣ እንደ ድሮ አንብቢ።"

እምቢ ልል ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። ቤትዎ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ከእርስዎ መጽሐፍ በሹክሹክታ ማንበብ ጀመርኩ። ከፍ አድርጊ እያሉ ሲያደፋፍሩኝ ቆዩ። "ቶርኔራ" ስል ግን ትርጉሙን ጠየቁኝ። ይመለሳል ማለት ነው፣ ድምፁ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው አልኳቸው።

ተነሥተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

"ባሌ ይመለሳል ማለት ምን ነውር አለው?" አሉ። "ጮክ በይ።"

ጋሽ ዘሚካኤል፣ ማሚቱ አጥሩ ጋ መጥታ ቆማለች። ግን ጮኽኩ፤ መጨረሻውን ረግጬ፣ ልክ እርስዎ እንደሚፈልጉት። እትዬ ወለቴም አብረውኝ አሉት።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ አሁን በራችን ይንኳኳል እያልኩ ሳዳምጥ ነጋ። እስካሁን ማንም አልመጣም። ከሰዓት ተመልሼ ሄጄ አነባለሁ።

አክባሪዎ ተማሪዎ፣
ኑሃሚን