ያልያዘው ቆዳ

እምዬ፣

ከተለያየን ሰባት ዓመት ሞላን። የሰባት ዓመት ተዝካርሽን ትናንት አወጣን። ዛሬ ድንኳኑ ፈርሷል፣ የተዋስነው ድስት ለየባለቤቱ ተመልሷል፣ ወንድሜ ይበልጣል ተቆጥቶ ሳይሰናበተኝ ወደ ደጀን ሄዷል። ለምን እንደተቆጣ እነግርሻለሁ። አስቀድሜ ግን የቤቱን ወሬ ላውራሽ።

ቤቱ ያው ነው። አረቄ የምታወጪበትን ደሳሳ ጎጆ አፍርሼ ጎመን ተከልኩበት፤ ጎመኑ እምቢ አለ፣ አፈሩ አሁንም አመድ አመድ ይላል። ከበራችን ፊት ያለው ጭቃ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ያኔ ተነጥፎ ቢሆን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን አትሄጂም ነበር። ልብስሽን ለዘመድ አከፋፈልነው። መቀነትሽ ብቻ እኔ ጋ ቀርቷል። ይበልጣል ለማስታወሻ ስጪኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም።

አሁንም እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ከመጽሐፉ ወጣ ብዬ ስለ አንቺ እግር አስተምራለሁ። የማን እግር እንደሆነ አልነግራቸውም።

እንዲህ ነው የምላቸው። ሴል ዓይን የለውም፣ ጆሮም የለውም። ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በመያዝ ነው። ከጠርዙ ቀጫጭን እግር ያወጣል፣ ከሥሩ ያለውን ነገር ይጨብጣል፣ ወደ ራሱ ይጎትታል። የጎተተው ነገር ጸንቶ ከጠበቀው እዚያው ይረጋል፣ ይዘረጋል፣ ይባዛል። ከተንሸራተተበት ይለቅና እንደገና ይሞክራል። የሚይዘው ጨርሶ ካጣ ግን ይሞታል። ምግብ ሞልቶለት፣ ውሃ ሞልቶለት ይሞታል። ገዳይ ከውጭ አይመጣበትም፤ መሞቻው ከራሱ ጋር ነው የተፈጠረው።

ዘንድሮ ከደብረ ኤልያስ የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሙት የሚለው ማነው?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ይሞታል?»

«ልማዱ ነዋ» አላት ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ፤ ክፍሉ ሳቀ። 

የአንቺን ልማድ ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ። ሰው በር ላይ ሳይደርስ ጥላውን አይተሽ ትነሻለሽ። ለቄሱ፣ ለሽማግሌው፣ ለእድር ጡሩምባ ነፊው፣ አረቄሽን ጠጥቶ ለሚሰድብሽ ሰካራም ሳይቀር። ጉርሻው በአፍሽ እንዳለ «ኖር» ትያለሽ። እንግዳው መቀመጫ ይዞ ሳይደላደል አንቺ አትቀመጪም። እኔንም እንዲሁ አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ። ሰው ሲገባ ቁጭ ብዬ የተገኘሁ ቀን ጭኔን ትቆነጥጪኝ ነበር፤ ቁንጥጫሽ ለሳምንት ይጠቁር ነበር።

ያገር ቤቱ መሬት የተደለደለ ጊዜ ያባቴ ወንድም አያ ተገኘ ኮሚቴ ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ ላንቺ ስጽፍ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለ። «ባሏ ሞቷል፣ ወንድ ልጇ ደጀን ገብቷል፣ ሴቷ ማርቆስ ከተማ ተቀምጣ ደመወዝ ትበላለች፤ መሬቱ ለሚያርሰው ይሁን» አለ። የሚያርሰው የገዛ ልጁ ነበር። ያን ቀን ከስብሰባው ሲመለስ በደጃችን አለፈ። እኔ ለበዓል መጥቼ ደጅ ላይ አብሬሽ ተቀምጬ ነበር። አንቺ ተነሳሽለት። እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ባገጩ ሰላም ብሎሽ ሄደ።

ከዚያ ማርቆስ እኔ ጋ መጣሽ። ከልጅ እጅ አልበላም ብለሽ አረቄ ማውጣት ጀመርሽ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። አንድ ጠዋት የማሰሮው አንገት ተሰነጠቀና የሚፈላው ድፍድፍ ከጉልበትሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ወረደ።

ሆስፒታል ወሰድኩሽ፤ ሐኪሙ ከጭንሽ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስል ስስ ቆዳ ገፎ ቁስሉ ላይ አነጠፈው። እግሩን በጣውላና በፋሻ አሰረና ጠራኝ። «ይህ ቆዳ አሁን ደም የለውም» አለኝ። «ከሥሩ ያለውን ሥጋ መያዝ አለበት። እስኪይዝ አምስት ቀን ስጪኝ። አምስት ቀን ይህ እግር መሬት እንዳይረግጥ።» እኔም መጥቼ ነገርኩሽ። አምስት ቀን ለማንም አትነሺም አልኩሽ።

«ለማንም?» አልሽኝ።

ለጳጳስም አልኩሽ። «ኧረ በማርያም» ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ።

ክፉ ዕድል ሆኖ አልጋሽ ከበሩ አጠገብ ነበር። የሌላውን በሽተኛ የሚጠይቅ ሁሉ ባንቺ በኩል ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን ሌላ አልጋ ላይ ላለች ሴት ለመጡ ቄስ በክርንሽ ተደግፈሽ ልትነሺ ስትይ ደረስኩብሽ። ዳሌዋ ተሰብሮ ከጎንሽ የተኛችው የጉንደ ወይኗ እታለም ዘነቡ፣ «አንቺ ሴት፣ አሁን ደግሞ የገባው ዝንብ ነው፤ ለሱም ልትነሺ ነው?» አለችሽ። መቀነትሽን ፈትቼ ወገብሽን ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩሽ።

«እንደ ጥጃ አሰርሽኝ» ብለሽ ሳቅሽ።

«ጥጃስ እናቷ ስትመጣ ነው የምትነሳው» አለች ዘነቡ፤ «ይቺ ላራጅም ትነሳለች።»

ሦስት ቀን በር ላይ ቆሜ ጠያቂ መለስኩ። የእድርሽ ሴቶች ወሬ አደረጉኝ። «የገዛ እናቷን አሰረቻት» አሉ። አንዷ፣ «ልንጠይቃት እንጂ ልንሰርቃት አልመጣንም» ብላ የያዘችውን ሙዝ እግሬ ሥር ጥላ ሄደች። እስከ ዛሬ ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ፋሻውን አሸተተ፣ ጠርዙን በጥቂቱ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ሮዝ ሆኖ ነበር። «እየያዘ ነው» አለ። ሴሎችሽ እግራቸውን አውጥተው ጨብጠዋል ማለት ነው። ጎትተውሻል፣ ጸንተሽ ጠብቀሻቸዋል።

በማግስቱ ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ከከተማ ልገዛ ወጣሁ። አያ ተገኘ የመጣው ያኔ ነው። የሆነውን የነገረችኝ ዘነቡ ናት። አንቺማ ትደብቂኝ ነበር።

«ባርኔጣውን በሩ ላይ እንዳየች መቀነቱን ፈታች» አለችኝ። «በሁለት እግሯ መሬቱ ላይ ቆመች። ኖር አለችው። በእግዜር አለ። ተይ፣ አትነሺ፣ ተቀመጪ፣ የሚል ነገር ካፉ አልወጣም። መቀመጫ ፈለገ፣ አጣ። ነርሷን ወንበር አምጪልኝ አላት። ነርሷ ሥራዋን ጨርሳ እስክታመጣለት የበሬውን መታመም ቆሞ ያወራላታል፣ እሷም ቆማ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ ትላለች። እህቴ፣ እግርሽ! ብላት፣ ዝም በይ፣ እንግዳ አለብኝ አለችኝ። ወንበሩ መጣ። አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ተቀመጠ። ከዚያ ተቀመጠች።»

በአጠገብሽ ያለፈውን ሁሉ ተኝተሽ አሳልፈሽ ለሱ ተነሳሽ። ለምን ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄሻለሁ። «መሬቴን ወሰደ እንጂ አመሌን አልወሰደም» አልሽኝ። እንዳሸነፈ ሰው ነበር የተናገርሽው። እኔ ግን የማየው እግርሽን ነበር፤ በፋሻው ላይ ቡናማ እርጥበት ወጥቶ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ቆዳው አብሮት ተነሳ። ከሥሩ የረጋ ጥቁር ደም ነበር። ስትቆሚ ደሙ ወደ እግርሽ ወርዶ ቆዳውን ከሥጋው ላይ አንሳፍፎታል። የጨበጡት ለቀቁ፤ የሚይዙት ሲያጡ ሞቱ። ሐኪሙ አልተቆጣም። ቆዳውን በወረንጦ አንስቶ ሳህን ላይ አኖረ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ቁስሉ ሸተተ፣ ትኩሳቱ መጣ፣ እግሩ ይቆረጥ ተባለ። አንቺ፣ «ባንድ እግር እንዴት ብዬ ለሰው እነሳለሁ?» አልሽ። ዘነቡ እንኳ አልሳቀችም። እሺ ያልሽው መርዙ ደምሽ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

በቀብርሽ ላይ አያ ተገኘ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሳለት፤ ያን ቀን እኔም ተነሳሁ። ለሰባት ዓመት ያን መነሳቴን ነው ያሰብኩት።

እንግዲህ ይበልጣል የተቆጣበት ነገር ይህ ነው። ትናንት ቄሶቹ ባርከው ሰው ለመብላት እንደተቀመጠ አያ ተገኘ በልጁ ተደግፎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አርጅቷል፤ ከዘራውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» አለ። የእኔም ጭን ቀደመኝ፤ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ። አግዳሚውን ከሥሬ በሁለት እጄ ጨበጥኩና ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ባዶ የነበረው ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ እኔ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። እሱ ስላልተቀመጠ ማንም አልተቀመጠም፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ቆሞ እኔን ያያል፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። የአያ ተገኘ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደስ አለኝ፣ እምዬ። ውሸት አልጽፍልሽም፤ ደስ አለኝ።

ይበልጣል ክንዴን ይዞ፣ «ሙሉ፣ በእናታችን ቀን!» አለኝ። አግዳሚውን አጥብቄ ያዝኩ።

አያ ተገኘ፣ «እናትሽ ብትኖር ትነሳልኝ ነበር» አለኝ።

«ተነስታልዎ ነው የሞተችው» አልኩት።

እሱም ያውቀው ነበር። ዘነቡ ያየችውን ለማንም አልደበቀችም፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። ፊት ለፊት የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ግንባሩን አኮማተረና አሰበ፤ እውነቱን ለማስታወስ የሚጥር ሰው ይመስል ነበር።

«እኔ መቼ ተነሺ አልኳት?» አለ።

ሰባት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ካፌ ጠፋ። መቼም አላለሽም። እሱም አላለሽም፣ ሌላም ሰው አላለሽም። ልጁ ከውጭ በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠው፤ ሰዉም ተቀመጠ። አያ ተገኘ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስሽን ይማር ብሎ መርቆ ሄደ። ሲወጣም ተነሱለት። ይበልጣል ጠዋት ዕቃውን ሸክፎ፣ «ያዋረድሽው እሱን አይደለም፣ እሷን ነው» ብሎኝ ወጣ። ምናልባት ልክ ነው። አንቺም ብትሆኚ ትቆነጥጪኝ ነበር።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ድንኳኑ የቆመበት ሣር ተረጋግጦ ተኝቷል። የምጽፍልሽ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው።

አስታውስሻለሁ፣ እምዬ። ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ ላስታውስሽ ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈለግሁሽ። ከምድጃው ሥር ፈለግሁሽ፣ በሠርግ ቤት ፈለግሁሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ፈለግሁሽ፤ የትም ስደርስ አንድ ሰው በር ላይ ብቅ ይላል፣ አንቺም ትነሻለሽ። ሰው እየገባ ሳትነሺ የማገኝሽ በእነዚያ ሦስት ቀናት ብቻ ነው፤ በገዛ መቀነትሽ ታስረሽ፣ እግርሽ ተዘርግቶ፣ እንደ ጥጃ አሰርሽኝ ብለሽ ስትስቂ፣ ከፋሻው ሥር ቆዳው እየያዘ። እነዚያን ቀናት ይዣለሁ። መቀነቱንም ይዣለሁ። ለማንም አልለቅም።

ልጅሽ ሙሉ