ጠበል የጠጣችው ማኪና

ይድረስ ለእናቴ፣ ወቅን።

እናታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት እሺ ይላል? ወገብሽስ? ያ የላይኛው መንጋጋሽ ተነቀለ ወይስ ዛሬም በነጭ ሽንኩርት እያባበልሽው ነው? ላሚቱ ወለደች? እኛ ቤት ከአንዱዓለም ወገብ በቀር የሚጮህ የለም፤ ባሌ ደግሞ ሲጮህ የኖረ ነው፣ ለምደነዋል።

የኔታ ዕንባቆም፣ ደብዳቤውን የሚያነቡላት እርስዎ ስለሆኑ አስቀድሜ እጅ እነሣለሁ። እባክዎን ረዘመ ብለው አይዝለሉብኝ። የኔን ወሬ ማሳጠር እርሷም በአርባ ሰባት ዓመት አልቻለችም።

በስልክ ምነው አልነገርሽኝም እንዳትይ። በስልክ “ጎንደር ልውሰድሽ” ስልሽ “አይሰማም፣ አይሰማም” ብለሽ ትዘጊዋለሽ። “ላሚቱ እንዴት ናት” ስልሽ ግን ጥርት ብሎ ይሰማሻል። ደብዳቤ አይዘጋም ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁ።

መጀመሪያ ስለ ማኪናዬ ላውራልሽ። ፀዳ ሰፈር ውስጥ ስሜ ጠፍቷል፤ “ሰማያዊቷ መጣች፣ ሰማያዊቷ ሄደች” ነው የምባለው። እውነትም የተልባ አበባ የመሰለች ናት። ባለፈው አዘዞ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ፣ እትዬ ወጡ እያረረ ነው አይቸኩሉም ወይ አለኝ። ወጥ ቢያርር ሌላ ይሠራል፣ አንተ ብትሰበር ግን እናትህ ሌላ አትሠራም አልኩት። ሹፌሩ ሳቀና አሳለፈኝ።

ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳላስነሣ ዙሪያዋን እዞራለሁ። ጎማዋን በእጄ እጫናለሁ፣ ከሥሯ ዘይት እንዳልነጠበ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የሞተሩን ዘይት፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ የፍሬኑን ዘይት አያለሁ። አንዱዓለም በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሦስት ጊዜ ነው የሚዞረው፣ አንቺ ስንት ልትዞሪ ነው ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ነድቶ ወገቡ አልታዘዝ ሲል መሪውን ለኔ ሰጠኝ እንጂ ልቡን አልሰጠኝም። ዛሬም አጠገቤ ተቀምጦ እኔ ፍሬን ስይዝ እሱም በእግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ በሱ በኩል ምንጣፉ አልቋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ለአስተርእዮ ማርያም ዓርብ ለት ስመጣ ታስታውሻለሽ? ከደጅ ወጥተሽ እጅሽን ከጣሪያዋ እስከ መብራቷ ድረስ አሻሸሽና፣ “ምን ያለች ሸጋ ማኪና ናት፤ ነጭነቷ እኮ እንደ ፋሲካ ነጠላ ነው” ብለሽ መረቅሽልኝ። ፀሐዩ አንጸባርቆባት ይሆናል ብዬ አሜን አልኩ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ሁለት ክዳን አነሣሁ። አንዱ የራዲያተሩ ውሃ መያዣ ነው፣ ሌላው የፍሬኑ ዘይት መያዣ። ሁለቱም ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፣ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ። አንቺ የማርያምን ጠበል በጀሪካን ይዘሽ መጣሽና “እሷም ትጠጣ” አልሽ። የራዲያተሩ ውሃ ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ “ትልቁ ላይ ጨምሪላት” ብዬ በጣቴ አሳየሁሽ። በዚያው የአጎቴ ልጅ ይመኙሽ ከጓሮ ጠራችኝ፣ ሄድኩ። ስመለስ ጀሪካኑ ባዶ ነበር፣ ክዳኖቹንም ገጥመሻቸዋል። “ሞልቶ እስኪፈስ አጠጣኋት፣ ከእንግዲህ ክፉ አይነካሽም” አልሽኝ። ምርቃቱ ሞቆኝ ኮፈኑን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ክዳን ከፍቶ መሄድ፣ ተመልሶም ሳያዩ ኮፈን መዝጋት የሹፌር ጥፋት ነው። የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ያንብቡላት የኔታ።

ቅዳሜና እሑድ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ ሳመላልስ ዋልኩ፤ በበዓሉ ሩጫ የጠዋት ፍተሻዬን ትቼ እስከ ሰኞ ኮፈኑን አልከፈትኩም። አንቺ ብቻ “ከማኪና ሆድ አልገባም” ብለሽ ደጅ ቀረሽ። ሰኞ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈሽ እስከ አጥሩ ሸኘሽንና ወደ ጎንደር ተነሣን።

ኮሶዬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፔዳሉ እንደ ቡሆ ሊጥ ለሰለሰብኝ። ረገጥኩት፣ ወለል ድረስ ወረደ። ማኪናዋ ግን መሄዷን አልተወችም። ከታች ጭነት የሞላ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ይመጣል፣ በግራዬ ገደሉ ነው። አንዱዓለም ያቺን የሌለች ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጣት። ቢሆንም ድምፁ አልተለወጠም።

“በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ” አለኝ።

ይህን ቃል ያስተማረኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የወጣ፣ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ይወርዳል፤ ያኔ ሞተሩ ራሱ ማኪናዋን ይይዛታል፣ ፍሬኑም አይቃጠልም ይለኛል። እኔ ደግሞ የዘመድ ጨዋታ ይዞኝ በሦስተኛ ለቅቄያት ነበር። ወደ ሁለተኛ መለስኳት፤ ሞተሩ አጓራ። ፍጥነቷ ሲበርድ ወደ አንደኛ። የእጅ ፍሬኑን ባንዴ ቢስቡት ማኪናዋን ያሾራታል፣ ስለዚህ ጥቂት ሳብ፣ ጥቂት ለቀቅ። ክላክስ እያሰማሁ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ያዝኩ። አይሱዙው በጎናችን አለፈ፣ እኛም መንገድ ሠሪዎች ከከመሩት አሸዋ ላይ አፍንጫችንን ቀብረን ቆምን። ቀበቶ አስረን ስለነበር የተላላጠ እንኳ የለም። ከአንቺ የተላከ የዶሮ እንቁላል ሰባት ተሰብሯል፣ በሰላም ይረፍ።

ወርጄ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። አንዱዓለም አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሠላሳ ዓመት ነድቼ እንዲህ አድርጎ ያቆመ ሰው አላየሁም አለ። ከሱ አፍ ይህ ሹመት ነው። ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉን ቢሞክረው ጠንክሯል፤ ይዟል እኮ እንሂድ አለኝ። እምቢ አልኩ። አንድ ጊዜ የዋሸ ፍሬን ሁለተኛ አይታመንም አልኩት። ተጎትተን ጎንደር ገባን፤ መንገድ ዳር ያለ ሁሉ እያየን ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መካኒካችን አላምረው የፍሬኑን ዘይት በሲሪንጅ መጥጦ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳው። ውሃ ገብቶበታል። የፍሬን ዘይት ውሃ ከገባበት ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስትረግጪው ይሸሻል እንጂ ጎማ አይይዝም፣ ሲቀዘቅዝም ደህና የሆነ ይመስላል፣ ሰው የሚያልቀው በዚያ ነው አለኝ። ትልቁን ዕቃ፣ የራዲያተሩን፣ አየሁት። ውሃው ዓርብ ጠዋት ከነበረበት ምልክት ላይ ነው። ጠብታ አልተጨመረበትም።

አላምረው ማን ነው ውሃ የጨመረበት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

“ምነው እትዬ? አንዱ ቢጫ ዘይት፣ አንዱ አረንጓዴ ውሃ። አጠገብ ላጠገብ እያዩት እንዴት ይሳሳቱታል?”

ቸኩዬ ነው አልኩትና ዝም አልኩ። እናታለም፣ እኔ ዝም ማለቴን የኔታ ሲያነቡልሽ አታምኚም፤ ግን እስከ ማታ ዝም አልኩ። አንዱዓለም አሞሻል ወይ ብሎ ግንባሬን ዳሰሰኝ። ብዙ ነገር ሳስብ ነበር። ይመኙሽ ደጅ ቆማ እስክትናገር ድረስ “ማነሽ አንቺ” ስትያት የነበረውን አሰብኩ። የማኪናዬን ነጭነት አሰብኩ።

ጠበል የተሰወረውን ይገልጣል ትይኝ የለም? እንግዲህ ጠበልሽ ሥራውን ሠርቷልና በእሱ በኩል ልብሽ አይዘን። እኔም ቆሜ እየጻፍኩልሽ ነው።

አሁን ማኪናዋ ድናለች። የቆየው ዘይት ተጠርጎ ወጥቶ አዲስ ገብቷል፣ የፍሬን ሸራውም ተቀይሯል። አላምረውን አጠገቤ አስቀምጬ ያንኑ ቁልቁለት ሁለት ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ወርጄዋለሁ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ነው። ይህን የምነግርሽ ፍሬኑን ፈርተሽ ከሆነ እንዳትፈሪ ነው። ሌላ የምትፈሪው ነገር ካለ ደግሞ ለሱም ዘዴ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንጃ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ደርሷል፣ የዓይን ምርመራ ይጠይቃሉ። ግድግዳ ላይ ፊደል ሰቅለው አፉ ወዴት ዞሯል ይሉሻል። ቁልቁለት ያልፈራሁ ሴት፣ ይህን ፈራሁ። አንዱዓለም አብሮኝ እንዳይገባ ወገቡ የሐኪም ቤት ወረፋ አያስቀምጠውም። ስለዚህ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረሽኝ ትገቢያለሽ፣ እጄን ትይዥልኛለሽ። እግረ መንገዳችንን ያንቺንም ያይልሻል፤ እናትና ልጅን አብሮ ማየት ወጉ ነው። ሲያረጅ ዓይን ላይ የሚወርደውን መጋረጃ በግማሽ ቀን የሚገፉ ሰዎች እዚህ አሉ። የጎረቤቴን የዓይናዲስን አባት፣ አያ ሰውአገኝን፣ አይተዋቸው ዛሬ መርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባሉ። እኔ እንዲያው ወሬ ነው የማወራሽ።

ቤታችሁ ወስዳችሁ ታስቀሩኛላችሁ እንዳትይ። ዓርብ ወቅን እመልስሻለሁ፣ ላሚቱን እስከዚያ ይመኙሽ ታልባለች፣ ተስማምተናል። የፊተኛው ወንበር ያንቺ ነው፣ በሩን ከፍቼ እጅሽን ይዤ አስገባሻለሁ፣ ቀበቶሽን እኔ አስርልሻለሁ። ሹፌር ለተሳፋሪዋ የምታደርገው ነውና ማንም ምነው ብሎ አይጠይቅም። ጠበሉንም አዘጋጂ፤ በዚህ ጊዜ ጀሪካኑን አብረን ነው የምንይዘው።

አምላክ የሽበትሽን ዘመን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትሽ እንደ ከዚህ ቀደሙ ሞልቶ ይፍሰስብኝ። የኔታ፣ የርስዎም ጉሮሮ ይባረክ፤ አሁን ውሃ ይጠጡ።

ዓርብ ለት ስንመለስ፣ ከአጥሩ ደጅ አቆማትና ዝም እላለሁ። የማኪናዬን ቀለም አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ወሬ የማይደክማት ልጅሽ፣
ሹፌርሽ።