አንድ በግ፣ ሁለት መንግሥት

ሚያዝያ 22 ቀን 1978፣ ረቡዕ

እዚህ ጆርጂያ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ዋልኩ። ወገቤ... ጾሙ ሊያልቅ ነው፣ ተመስገን።

የፋሲካውን በግ እኔ አመጣለሁ ብዬ ለሉሊት አባት ቃል ገባሁ። ምን አስለፈለፈኝ? አባቷ ጋሽ ወንዳፍራሽ አዲስ አበባ ዳኛ ነበሩ። አሁን የሆቴል በር ከፋች ሆነው እንኳ ሰውን የሚያዩት ሊፈርዱበት ይመስላል። ልጃቸውን ለትዳር ልጠይቅ ነው። በግ ደግሞ ጥሩ መግቢያ ነው።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ።

ጓደኛዬ ዘገየ በጉን ከገበሬ ቤት በታክሲው አመጣልኝ። የኋላ ወንበር ላይ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ... ስማይርና ከተማ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ ማረድ አይታሰብም። "ወንዙ ዳር ጫካ አለ፣ የማንም አይደለም" አለ ዘገየ። አሜሪካ ውስጥ የማንም ያልሆነ ጫካ? እንዴት አልጠየቅኩም?

ገመዱን ዛፍ ላይ ላስር ስል በጉ አመለጠ። ቢላዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ሽርሽር የወጡ ሰዎች መሀል ገባ። እኔም ገባሁ። "ያዙት! ያዙት!" እላለሁ በአማርኛ። ሰዎቹ መያዝ ያለበት እኔ መሰልኳቸው። አንዲት ሴትዮ ከነሳንድዊቿ ዛፍ ላይ ወጣች።

የካውንቲ ፖሊስ መጣ። አረንጓዴ የለበሰ የፓርኩ ጠባቂም መጣ። ፖሊሱ በቢላ ሰው አሸብረሃል ብሎ ከሰሰኝ። ጠባቂው ስሜን ብቻ ጻፈ። ምስኪን፣ ሥራ ፈቶ ነው አልኩ።

በጉን መለሱልኝ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል።

ሚያዝያ 26፣ ፋሲካ

ጋሼ በጉን ፓይን ሌክ ሰፈር ያለው ቤታቸው ጓሮ አሰሩት። "ክሱ ሳያልቅ አይነካም። የክሱ ማስረጃ፣ ኤግዚቢት ነው!" በዚያው ስሙ ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ።

በሱፐርማርኬት ዶሮ ፈሰክን። የሉሊት እናት፣ እትዬ የሺእመቤት፣ ዶሮዋን ገልበጥ አድርገው አዩና ሳህናቸውን ገፉ። ነገሩ አላማረኝም።

ስወጣ ጋሼ በር ላይ ያዙኝ። "ክስ ያለበት ሰው ልጄን አያገባም። ጨርሰህ ና።" ሉሊት ነግራቸዋለች ማለት ነው!

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

የካውንቲው ፍርድ ቤት ቀጣኝ፣ ከፈልኩ። አለቀ! ጋሼ እጄን ጨበጡ። "በቃ። አንድ ሰው ባንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይከሰስም። የትም አገር እንዲሁ ነው። ሽማግሌ ላክ።"

እየዘለልኩ ነው የምጽፈው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሌላ ክስ። ከፌዴራል ፍርድ ቤት። ያው በግ፣ ያው ቢላ፣ ያው ሩጫ! ለካ ጫካው የዋሽንግተን መንግሥት ንብረት ነው... ያ ምስኪን ያልኩት ጠባቂ!

ሽማግሌ መላኩ ቀረ። ጋሼ "ተሳስተዋል። ራሴ መጥቼ አስረዳቸዋለሁ" አሉ። ይህን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው መጡ። ገና ስሜ ሲጠራ ብድግ! "ክቡር ፍርድ ቤት! ይህ ጉዳይ ውሳኔ ያገኘ ነው!" ሉሊት ተረጎመች።

ዳኛው ፈገግ አሉ፤ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ጆርጂያ አንድ መንግሥት ነው፣ ፌዴራሉ ሌላ መንግሥት ነው አሉ። አንድ ድርጊት የሁለቱንም ሕግ ከጣሰ ሁለት ጥፋት ነው፤ ሁለቱም መክሰስ ይችላሉ።

"ሁለት መንግሥት ባንድ መሬት?" አሉ ጋሼ። "እንግዲያው አንዱ ሸፍቷል ማለት ነዋ!"

ሉሊት "አባቴ አመሰግናለሁ ይላሉ" ብላ ተረጎመች። ይህችን ልጅ ሳላገባ ብቀር አብዳለሁ።

ተፈረደብኝ። ፓርኩ ውስጥ ቆሻሻ መልቀም፣ ያውም ከዚያው ጠባቂ ጋር። ስንመለስ ጋሼ መኪና ውስጥ ከረባታቸውን ፈቱ። ቤት ልንደርስ ስንል "እኔ ባንድ ጥፋት ሁለቴ አይከሰስም እያልኩ ስንቱን ሰው አሰናብቻለሁ..." አሉ። አሳዘኑኝ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ቆሻሻው አለቀ። ሽማግሌ ላክሁ። እኔ እንደ ወጉ ውጭ፣ የዘገየ ታክሲ ውስጥ ቀረሁ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ገብቶ የነበረው ዘገየ ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ።

"ተጠርተሃል።"

"እምቢ አሉ?"

"እሳቸውማ ፈቀዱ። ሴትዮዋ ናቸው።"

ገባሁ። እትዬ የሺእመቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እሳቸው በበኩላቸው ጨርሰዋል። እኔም ክስ አለኝ። ቤቴን በሱፐርማርኬት ዶሮ ያስፈሰከው ማን ነው?"

"ያለቀ ጉዳይ እኮ ነው!" አሉ ጋሼ። "አንድ ሰው ባንድ ጥፋት ሁለት..."

"ዳኛው አስረድተውዎት የለም? ባንድ መሬት ሁለት መንግሥት አለ። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ፍርዳቸው መጣ። ኤግዚቢትን ለሠርጉ በገዛ እጄ እንዳርድ። ካልሆነ ልጅ የለም።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በየማታው በጉን ዳቦ የሚያበሉት እሳቸው ናቸው። የቀን ውሏቸውን ሁሉ የሚያወሩት ለሱ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔስ? ሉሊትን እፈልጋታለሁ፣ እንዴት እንደምፈልጋት! ግን አፌ ቀደመኝ።

"እትዬ፣ ከዚህ ሌላ ያሻዎትን ይፍረዱብኝ።"

ሉሊት ጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ።

እትዬ እኔን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ በጉን አዩ። "ሽንኩርት ትከትፋለህ" አሉ በመጨረሻ። "የሠርጉን በሙሉ።"

ተሰጠችኝ! ተሰጠችኝ!

መስከረም 9 ቀን 1979፣ ዓርብ

ነገ ሠርጌ ነው። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ተቀምጬ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። ኤግዚቢት አጠገቤ ልጣጭ ይበላል።

ሉሊት መጥታ አየችው። "ወፍራም ነው። እንደገና።"

"እናትሽ የፈረዱብኝን እየፈጸምኩ ነው እኮ!"

"እኔ እናቴ ነኝ?" ሌላ ጆንያ አስቀምጣ ሄደች።

ጋሼ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ግራ ቀኝ አይተው፣ በሹክሹክታ "ይግባኝ ልበልልህ?"

"ይቅርብኝ አባባ። ሌላ መንግሥት እንዳያስነሱብኝ።"

አባባ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቢላ ይዘው መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። እስኪመሽ ድረስ ሁለታችንም እያለቀስን ከተፍን።